«ጋሽ ፐር» የሰው ስም ስላለመሆኑ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ አልጋነሽ ሻዎ
ዕድሜ፦ 68
አድራሻ፦ ካፋ ዞን፣ ቦንጋ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ሥራ፦ የገጠር መድኃኒት ቤት ባለፈቃድ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ የካቲት 9 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ሔኖክ ዳምጠው
ጉዳዩ፦ ወ/ሮ ብርቄ አደሎ በተሰጣት መድኃኒት ስለደረሰባት የአካል ጉዳት

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው ምስክር ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። የመጣሁበት ጉዳይ አንድ ነው። የመድኃኒት ቤቴ ዘበኛ ወልደሥላሴ ጋኖ ትናንት ሰኞ የታሰረው ባልሠራው ሥራ ነው። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል ተብሏል። ከዚያ በፊት ያየሁትን ከሰማሁት ለይቼ እናገራለሁ። ያላየሁትን አልጨምርም። ቃሌ ሲጻፍም ፊደሉ እንዲጠበቅልኝ አሳስባለሁ፤ ወልደሥላሴን ያሳሰረው አንድ ፊደል ነውና።

የተማርኩት በንጉሡ ዘመን በሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ አንድ ፊደል የሳተ ተማሪ ገጹን በሙሉ እንደገና ይጽፍ ነበር። ከዚያ በድሬሰርነት ሠልጥኜ በመንግሥት ክሊኒክ አገልግያለሁ። ደርግ ወድቆ የግል ሥራ ሲፈቀድ በ1985 ዓ.ም. የገጠር መድኃኒት ቤት ፈቃድ አውጥቼ ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ላይ ከፈትኩ። እስከ ዛሬም የምሠራው እዚያው ነው።

በምርመራ መዝገቡ ላይ የተጎዳችው ወ/ሮ ብርቄ «መድኃኒቱን የወሰድኩት ከጋሽ በር ነው» ማለቷ ተነብቦልኝ፣ ይህ ሰው ማን እንደሆነ ተጠየቅሁ። የሚከተለውን መለስኩ። «ጋሽ በር» የሚባል ሰው በቦንጋ የለም። ቃሉ «ጋሽ ፐር» ነው። በ እና ፐ ሁለት ፊደላት ናቸው። ጋሽ ፐርም ሰው አይደለም፤ ከእንጨት የተጠረበ ራስ ነው። ይዤው መጥቻለሁ።

በዚህ ጊዜ ራሱን ካመጣሁበት ማዳበሪያ አውጥቼ በመርማሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ምክትል ሳጅን ሔኖክም የሚጽፍበት ቦታ ስላጣ አንሥቶ በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው። ፊቱ ወደ መንገዱ እንደዞረ፣ ያዞረውም ምክትል ሳጅኑ ራሱ እንደሆነ ይመዝገብልኝ።

ራሱ ከሰው ራስ ጥቂት ይበልጣል። ፊቱ ጥቁር፣ ጺማም፣ ቀይ ጥምጥም የጠመጠመ ነው። አፉን በሰፊው ከፍቶ ምላሱን አውጥቷል። በምላሱ ላይ አንድ ነጭ ክኒን ተቀርጿል። የሰጠችኝ በክሊኒኩ የመድኃኒት ክፍል አብራኝ ትሠራ የነበረችው የሆላንድ ተወላጅ ወ/ሪት ሃኒ ናት። በ1967 ዓ.ም. ወደ አገሯ ስትመለስ ነው የሰጠችኝ። ድሮ በአገሯ ማንበብ የማይችለው ሰው ብዙ ስለነበረ፣ መድኃኒት ሻጮች እንዲህ ያለ አፉን የከፈተ ራስ በደጃቸው ይሰቅሉ እንደነበር ነገረችኝ። ያየው ሁሉ፣ ሳያነብ፣ እዚህ ቤት መድኃኒት እንዳለ ይረዳል። ለምን ጥቁር አድርገው እንደሚቀርጹት ስጠይቃት ፊቷ ቀላ። መድኃኒቱ በመርከብ ከሩቅ አገር ይመጣ ስለነበረ ሻጩንም የሩቅ አገር ሰው ያስመስሉት ነበር አለችኝ። እኔም «እንግዲያው ወደ ዘመዶቹ መጥቷል» ብዬ ተቀበልኳት።

በእነሱ ቋንቋ ስሙ «ጋፐር» ይባላል። አፉን የከፈተ ማለት ነው። የቦንጋ ሰው ግን «ጋሽ ፐር» ብሎ ሰማው። ጺም ያለውን ሰው ያለ ጋሽ መጥራት ነውር ስለሆነ ማንም ስህተት ነው ብሎ አልጠረጠረም። እኔ ለማረም ብዙ ደክሜያለሁ። ወልደሥላሴ ራሱ «እትዬ፣ ሽማግሌ ናቸው፤ በባዶ ስማቸው አልጠራቸውም» ብሎኝ እስከ ዛሬ አንቱ ይለዋል። ስለዚህ ከማንኪራ፣ ከዋጫና ከቢታ ገነት የሚመጣው ሰው የመድኃኒት ቤቴን ስም አያውቅም። «ከየት ገዛህ?» ሲባል «ከጋሽ ፐር» ይላል። ማለቱ የእንጨቱ ራስ ከተሰቀለበት ቤት ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዘው መርማሪው ማወቅ ያለበት ሁለት ልማዶች አሉ። አንደኛው፣ የገጠሩ ሰው የእንጨቱን ራስ ምላሱን አውጥቶ ስላየ ወደ ቤቴ ሲገባ ሰላምታ ሰጥቶ ምላሱን ያወጣል። ይህን እኔ አላዘዝኩም። ሲያወጡ ግን አልከለከልኩም፤ ምላስ ብዙ ነገር ይናገራልና። ምላሱን አይቼ፣ ከዚህ በፊት ያልተስማማው መድኃኒት እንዳለ ጠይቄ ነው የምሰጠው። ያልተስማማው ካለም አልረሳውም። ሁለተኛው፣ ሥራ ስዘጋ የእንጨቱን ራስ አፍ በነጭ ጨርቅ አስራለሁ። አፉ ክፍት ከሆነ ክፍት ነን፤ ከታሰረ ዝግ ነን። ይህን በአካባቢው የማያውቅ የለም። ከሌላ አገር የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነው የታሰረውን እያየ በሩን የሚያንኳኳ።

ባለፈው ቅዳሜ የካቲት 6 ቀን የት እንደነበርኩ ተጠይቄ እንዲህ ስል መልሻለሁ። በዚያ ሳምንት ቤቱን ቀለም እያስቀባሁ ስለነበረ መድኃኒት ቤቱ ዝግ ነበር። የእንጨቱ ራስም ቀለም ስለተላላጠ ለአናጢው ለገብረወልድ ሰጥቼው ነበር። ምላሱና ክኒኑ አብረው እንዲቀቡ ጨርቁን ፈትቼ ነው የሰጠሁት። ወልደሥላሴ በደጁ ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ «ሰኞ ተመለሱ» ይል ነበር። የመድኃኒቱ ሣጥን ቁልፍ ይኸው በወገቤ ላይ ያለው ነው። ሌላ ቁልፍ የለም። ወልደሥላሴ ቁልፉን ይዞ አያውቅም፤ ራስ ምታት እንኳ ሲያመው እኔን ጠይቆ ነው የሚወስደው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ቀለሙን ለማየት ወደ ገብረወልድ ዎርክሾፕ ወረድኩ። ዎርክሾፑ ገበያው አጠገብ ነው። ከጥሩሰው ሱቅ ጋር አንድ በረንዳ ይጋራል። ጥሩሰው ሳሙና፣ ጨው፣ ላምባና ክብሪት የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ የመድኃኒት ፈቃድ የለውም። ስደርስ ያየሁት ይህ ነው። ገብረወልድ የእንጨቱን ራስ ፀሐይ እንዲያገኘው ብሎ በበረንዳው ምሰሶ ላይ፣ ልክ ከጥሩሰው መግቢያ በላይ ሰቅሎታል። ፊቱ ወደ ገበያው ነው። አፉ ክፍት ነው። አዲስ ቀለም ስለተቀባ ከሩቅ ያበራል። በሱቁ ደጅ ላይ የገጠር ሰው ተሰልፏል። ከሰልፉ አንዱ ለሌላው «ጋሽ ፐር ቤት ቀየሩ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ገብረወልድን «አውርደው» አልኩት።

«እትዬ፣ ቀለሙ አልደረቀም። አሁን ከነካሁት ጺማቸው እጄ ላይ ይቀራል» አለኝ።

«እንግዲያው ጺም አብቅል። አውርደው» አልኩት።

መሰላሉን ሊያመጣ ሲነሣ ጥሩሰው ከሱቁ ብቅ ብሎ «ስማ ገብሬ፣ ዛሬ ገበሬው ምን ነክቶታል? የገባው ሁሉ ምላሱን ያወጣብኛል። አንዷማ ከማንኪራ ማር ተሸክማ የመጣች፣ ሳሙና ላውርድላት ስል አፏን ከፍታ ቆመች» አለው።

ገብረወልድም «መልክህን አይታ ነዋ። ጎረቤት ባልሆን እኔም አወጣብህ ነበር» ብሎ መለሰለት።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ጥሩሰውን «ለሴትዮዋ ምን ሰጠሃት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጉሮሮዋን ይዛ ስታሳየኝ ጊዜ ከረሜላ ሰጠኋት፣ እትዬ አልጋነሽ» አለኝ።

በባንኮኒው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ቆርቆሮ ነበረ። በውስጡ ግማሹ ቀይ ግማሹ ጥቁር የሆነ እንክብል አየሁ። በሥራዬ ዘመን ሁሉ የማውቀው አምፒሲሊን ነው። «ይህ ነው ከረሜላው?» አልኩት።

«እርስዎ ደግሞ የማያዩት ነገር የለም» ብሎ ቆርቆሮውን ከደነው።

በዚህ ላይ ጥያቄ ተነሥቶ ጥሩሰው ለወ/ሮ ብርቄ እንክብል ሲሰጥ በዓይኔ አይቼ እንደሆነ ተጠየቅሁ። አላየሁም። እኔ ስደርስ ሄዳለች። ያየሁት ከቆርቆሮው አውጥቶ በደብተር ወረቀት ጠቅልሎ ለአንድ ሽማግሌ ሲሰጥ ነው። እኔ በወረቀት አልጠቀልልም። የምሰጠው ፀሐይና ጨረቃ በተሣለበት ፖስታ ነው፤ ማንበብ የማይችለው ሰው ጠዋትና ማታውን ከሥዕሉ እንዲያውቅ። ሽማግሌውን አስቁሜ እንክብሉን አስመለስኩ። በሰልፍ የቆሙትንም «ጋሽ ፐር ቀለም ሊቀቡ ነው የመጡት፤ ይህ ቤት የእሳቸው አይደለም» ብዬ በተንኩ። አንቱ ማለቴ ትክክል አይደለም፤ ግን በሌላ አነጋገር ባልሰሙኝ ነበር። ገብረወልድም የእንጨቱን ራስ አውርዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው።

እሑድ ማታ ወ/ሮ ብርቄ ፊቷና ምላሷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት ከማንኪራ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል መምጣቷን ሰማሁ። ሰኞ ጠዋት ስለ ጥሩሰው ቆርቆሮ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ላመለክት ልብሴን ስለብስ ደግሞ ወልደሥላሴ መታሰሩን ነገሩኝ። በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። ብርቄን አውቃታለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ እንክብል ከሌላ ቦታ ወስዳ ሰውነቷ ሁሉ ሽፍ ብሎ ወደ እኔ መጥታ ነበር። «ይህ ዘር ለአንቺ መርዝ ነው፤ ምላስሽን ለምታሳዪው ሁሉ ንገሪ» ብያት ነበር። ሆስፒታል ሳገኛት እብጠቱ ቀንሶላት ትናገራለች። «ለምን አልነገርሽውም?» አልኳት።

«እትዬ፣ ጋሽ ፐር ያውቁኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ። ሰውየውን ከዚያ በፊት አይታው እንደማታውቅ፣ እኔ አዲስ ሠራተኛ የቀጠርኩ እንደመሰላት፣ ምላሷን አውጥታ ስታሳየው እንደሳቀባት ነገረችኝ። ማሯን ተሸክማ ወደ ገበያ ስትሄድ እንደነበረም ተናግራለች። ይህን የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው። ዛሬ አንደበቷ ስለተፈታ መርማሪው ሄዶ እንደገና ይጠይቃት። እሑድ ማታ ቃሏን ስትሰጥ ምላሷ አፏን ሞልቶት ነበር። በዚያ ላይ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ከቋንቋዋ ከካፊኖኖ የተረጎመላትም የአልጋ ጎረቤቷ ነበር። እንዲህ ባለ አፍ ፐ በ ሆኖ ቢሰማ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው «በር» የተባለውን «በረኛ» ብሎ ማሟላት ነው።

ወልደሥላሴ በደጅ የሚቀመጥ ሽማግሌ እንደመሆኑ «ጋሽ በር» የተባለው እሱ ሊሆን አይችልም ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ። አይችልም። በሰፈራችን ዘበኛ እንጂ በረኛ የሚል የለም። እሱንም ሁሉም በስሙ ጋሽ ወልደሥላሴ ይለዋል። ብርቄም ብትሆን ታውቀዋለች፤ ዝናብ ሲይዛት በእሱ ጥላ ሥር ትቆማለች። እሱ ቢሆን ኖሮ ስሙን ትናገር ነበር።

መርማሪው «እትዬ፣ እርስዎ የሚሉት ይገባኛል፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ የእንጨት ራስ አይቶ ያለ ጥያቄ ይገባል፣ ለማያውቀው ሰው ምላሱን ያወጣል ብዬ ለዐቃቤ ሕግ ብጽፍ ይስቅብኛል» አለኝ። ማስረጃ አለዎት ወይ ብሎም ጠየቀኝ። መልስ ልሰጥ ስል ቀጥሎ ያለው ሆነ። እንዲጻፍልኝም ጠይቄያለሁ።

የክፍሉ በር ተንኳኳ። አንድ ገበሬ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። እኔ ከበሩ ኋላ በኩል ስለተቀመጥኩ አላየኝም። ወደ ጠረጴዛው ቀርቦ እጅ ነሣና ለምክትል ሳጅን ሔኖክ ምላሱን አወጣ።

ምክትል ሳጅኑ ብድግ ብሎ «ምንድን ነው ይኼ? ፖሊስ ነው የምትሰድበው?» አለ።

ሰውየው ምላሱን መልሶ «አላየኸውም እንዴ? ነጭ ሆኗል። ሆዴን ሲቆርጠኝ ነው የሰነበተው» አለ።

«ማን ላከህ እዚህ?»

«ማንም። ጋሽ ፐርን በመስኮት አየኋቸው። አፋቸውም ክፍት ነው። እትዬ አልጋነሽ ለመንግሥት አስረከቧቸው ይሆናል ብዬ ገባሁ።»

«ጋሽ በርን?»

«በር ያልኩህ በየት በኩል ነው? ጋሽ ፐር» አለና ወደ መስኮቱ ጠቆመው። ቀጥሎም መለዮውን አይቶ «አንተ አዲስ ነህ መሰለኝ፤ ምላስ ስታይ አትቆጣ» አለው።

ሰውየው ተድላ እንደሚባል፣ ከዋጫ እንደመጣ፣ ወልደሥላሴንም ሆነ ወ/ሮ ብርቄን በዘመድነት እንደማያውቅ ተጠይቆ ተናግሯል። እኔም ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ምላሱን ካየሁ በኋላ ወደ ሆስፒታል ሄዶ እንዲመረመር ነግሬዋለሁ። ወደዚህ ክፍል ማንም እንዳልላከው፣ በጠዋት ከቤቴ ስወጣ ራሱ በማዳበሪያ ውስጥ እንደነበረ፣ በመስኮቱ ላይ ያስቀመጠውም እኔ እንዳልሆንኩ ከላይ ተመዝግቧል።

ምክትል ሳጅኑ «ይኼ እንኳ የቃልዎ አካል አይደለም፤ ባይጻፍ ይሻላል» አለኝ። ማስረጃ የጠየቀኝ እሱ ነው፤ ማስረጃው በራሱ እግር መጥቷል፤ ይጻፋል አልኩ። ተጽፏል።

በመጨረሻ የምጨምረው ካለ ተጠይቄ እንዲህ ብያለሁ። ጥሩሰው ይታሰር አላልኩም። ቆርቆሮው ግን ዛሬውኑ ይታይ፤ ብርቄ ብትሞት ኖሮ ይህን የምናገረው በሌላ መዝገብ ላይ ነበር። ገብረወልድ ቀለም አደረቀ እንጂ ያጠፋው የለም። የቀድሞው ቃል ላይ «በር» የተባለው በላጲስ እንዳይፋቅ እጠይቃለሁ። የተፋቀ ጽሑፍ እውነት ሆኖ ሳለ ውሸት ይመስላል። በአንድ መስመር ይሰረዝና ከላዩ «ፐር» ተብሎ ይጻፍ፤ ያረመውም ይፈርምበት። ወልደሥላሴ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ ትናንት ያደረው በሲሚንቶ ላይ ነው። እሱ ሳይፈታ ከዚህ አግዳሚ ወንበር አልነሣም። ይህም ይጻፍልኝ።

የሰጠሁት ቃል ተነብቦልኛል። ከዚያም መነጽሬን አድርጌ በራሴ ዓይን አንብቤዋለሁ። ስለ ተድላ በተጻፈው ላይ «ምላሱን አወጣብን» የሚለውን «ምላሱን አወጣ» አስብዬ አሳርሜያለሁ፤ «ብን» የተጨመረው የጸሐፊው ስሜት እንጂ የሆነው ነገር አይደለምና። ከዚህ በቀር ቃሉ የራሴ ነው። ያየሁት አይቼው፣ የሰማሁት ሰምቼው ነው። በፍርድ ቤትም ቆሜ ይህንኑ፣ በዚሁ ፊደል እደግመዋለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ አልጋነሽ ሻዎ
የመርማሪው ፊርማ፦ ምክትል ሳጅን ሔኖክ ዳምጠው

የመርማሪው ማስታወሻ፦ በዚሁ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወ/ሮ ብርቄ በሆስፒታል በድጋሚ ተጠይቃ «ጋሽ ፐር» ማለቷንና እንክብሉን የሰጣት ነጋዴው ጥሩሰው መሆኑን አረጋግጣለች። በቀድሞው ቃል ላይ ያለው ፊደል ተሰርዞ ከላዩ ታርሟል፤ ፈርሜበታለሁ። ከጥሩሰው ሱቅ የተገኘው ቆርቆሮ ተይዟል። የእንጨቱ ራስ በኤግዚቢትነት እንዲቆይ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ እኔ ከሆስፒታል እስክመለስ ሌሎች ባለጉዳዮች ምላሳቸውን ለጣቢያው ተረኛ እያሳዩ ሥራ ስላስፈቱ፣ ሲፈለግ እንዲቀርብ ለባለቤቷ በአደራ ተመልሷል። ምስክሯ ከአግዳሚ ወንበሩ የተነሡት ወልደሥላሴ ጋኖ ሲፈታ ነው። በነጠላቸው ጫፍ የእንጨቱን ራስ አፍ አስረው ሰጡት፤ እሱም «ይቅርታ ጋሽ፣ በእኔ የተነሣ እዚህ ድረስ መጡ» ብሎ ተሸክሞት ወጥቷል።